ሃምሳ ምክር ለአንድ ሎሚ

ጓሮዬ ውስጥ አራት ዛፎች አሉ። አንድ ሎሚ፣ አንድ አቮካዶ፣ አንድ ኮክ፣ አንድ ደግሞ ማንጎ ነው ተብሎ የተሰጠኝ ነገር። ግቢው መቶ ሃምሳ ካሬ ነው። ቤቱ፣ ሰርቪሱ፣ የውሃ ታንከሩና የእናቴ ጤና አዳም ከወሰዱት የተረፈውን አራቱ ተካፍለውታል። አንዱ ቢያስነጥስ ሌላው "ይማርህ" የሚልበት ርቀት ላይ ናቸው።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ የጥርስ ብሩሼን አፌ ውስጥ እንደሸጎጥኩ ጓሮ ብወጣ ሎሚዋ ገርጥታለች። ፍሬዋ ቢጫ ቢሆን ደግ ነበር፤ ይቆረጣል፣ ይጨመቃል። ቅጠል ቢጫ ሲሆን ግን የሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን እንደሚያስደነግጠው ነው። አረፋዬን ተፍቼ ጠጋ አልኩ። ከጫፍ አንዷን ቀጥፌ ወደ ፀሐይ ያዝኳት። መሀል መሀሏ ቢጫ፣ ጅማቶቿ ግን አረንጓዴ ናቸው፤ ሥጋው ተበልቶ እንዳለቀ ዓሣ አጥንቷ ብቻ ተለይቶ ይታያል።

በእኛ አገር ሰው ሲታመም ከሐኪም በፊት የሚደርሰው ጠያቂ ነው። ጠያቂ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ በአንድ እጁ ብርቱካን፣ በሌላው የበሽታውን ስም ይዞ ነው የሚመጣው። የሎሚዬ ወሬ ሰፈር ውስጥ እንደተሰማ ጠያቂው ጎረፈ። ልዩነቱ፣ የሎሚ ጠያቂ ብርቱካን አያመጣም፤ ሲወጣ ሎሚ ይዞ ይሄዳል እንጂ።

መጀመሪያ የደረሱት አጥር የምንጋራቸው ሻለቃ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሻለቅነቱ ግን አልወጣም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሎሚዋን እንደ ምልምል ወታደር ከእግር እስከ ራሷ ቃኟት።

"ውሃ ጥም ነው" አሉ። "ጠዋት አንድ ባልዲ፣ ማታ አንድ ባልዲ። ያለ ይቅርታ!"

እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ እሱም ዶሮ ሳይጮህ። ያም ሆኖ ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔ በጆግ እየተለቃለቅኩ ሎሚዋን በባልዲ አጠጣሁ። ሎሚዋ ይብስ ገረጣች። እኔም ገረጣሁ።

ቡና ሊጠጡ የመጡት እትዬ የውሃውን ነገር ሊሰሙትም አልፈለጉ። መነጽራቸውን አድርገው አንድ ለጋ ቅጠል ገለበጡና ክው አሉ።

"ይሄ ጽሕፈት ነው!"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ቅጠሉ ላይ ብርማ መስመር ይጠማዘዛል፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይታጠፋል። ከሩቅ ላየው ደብተራ በብር ቀለም የከተበው ይመስላል። እኔ እንኳን፣ ማታ ማታ ሳይንስ ነክ ነገር ማንበብ የምወደው ሰው፣ "ሀ" የሚል ፊደል ያየሁ መሰለኝ።

"ዓይን ነው" አሉ እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ዓይን ሲበረታ እንዲህ ይጽፋል። አሮጌ ጫማ ስቀልባት፤ የሚያያት ሰው ዓይኑ ጫማው ላይ ይረፍ።"

የዕድራችን ጸሐፊ ጫማውን ንቀው ሚስማር አዘዙ።

"ግንዷ ላይ አንድ ስድስት ቁጥር ሚስማር ምታባት። ትደነግጥና ታፈራለች።"

"እያፈራች እኮ ነው፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ትደንግጥ።"

ባለቤቴ በበኩሏ ምክንያቱ እኔ ነኝ ባይ ናት። "ጠዋት ጠዋት እንደዚያ አፍጥጠህ ስታያት እኔም ብሆን እገረጣ ነበር" አለችኝ።

በዚህ ሁሉ መሀል ቅጠሎቹን በትንሽ ፌስታል ቋጥሬ፣ ላዩ ላይ ውሃ እርከፍከፍ አድርጌ፣ ያወቀ ይንገረኝ እያልኩ ከተማ ለከተማ መዞር ጀመርኩ። ከቀትር በኋላ በእርጥብ ፌስታል ቅጠል ይዞ የሚሄድ ሰው አዲስ አበባ ላይ ምን እንደሚባል የገባኝ እናቴ በስንት ጊዜዋ አጠገቤ ቁጭ ብላ "ልጄ፣ ጫት ጀመረ ይሉሃል፤ እውነት ነው?" ብላ ስትጠይቀኝ ነው።

ያንኑ ፌስታል ይዤ አንድ የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ገባሁ። ሻጩ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል "ስንት ሊትር?" አለኝ።

"በሽታውን እኮ ገና አላወቅነውም።"

"ችግር የለም፤ ይሄ ለሁሉም ይሆናል።"

የራስ ቅልና ሁለት አጥንት የተሳለበት ጠርሙስ ይዤ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ አገላብጣ አየችውና "ለሁሉም ከሆነ ለእኛም ነው ማለት ነው" ብላ በዚያው አስመለሰችኝ። በትዳራችን ዘመን የተከራከርኳት ብዙ ቀን ነው፤ በዚህ ግን አፌን አልከፈትኩም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ያለችው የአጎቴ ልጅም በቪዲዮ ጠየቀቻት። እሷም ሎሚ አላት። የዚያ አገር ብርድ ሎሚ ስለሚገድል በትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ተክላ ብርድ ሲጀምር ወደ ሳሎን ታስገባታለች፣ በረዶው ሲያልፍ ወደ በረንዳ ታወጣታለች። የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቀው፣ ብርሃኑም ስለሚያንሳት፣ በየዓመቱ ልክ እንደገባች ቅጠሏን ታራግፋለች። ለልጆቿ ከምትጨነቀው ይልቅ ለሷ የምትጨነቀው ይበልጣል።

"የኔም እንዲህ ሆና ነበር" አለችኝ። "ብረት ነው የጎደላት። እዚህ ብረት ይሸጣል።"

"ሚስማር ማለትሽ ነው?"

ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

አባቶች "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብለዋል። ሃምሳ ምክር ለአንድ ሎሚ ምን እንደሆነ ግን አልነገሩንም። እኔ ልንገራችሁ፤ ቅጠል ያራግፋል።

በመጨረሻ የእህቴ ልጅ መጣ። ልጁ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ እፅዋት ሳይንስ ተምሮ በማዕረግ ተመርቋል፤ አሁን ባንክ ውስጥ ገንዘብ ይቆጥራል። ቅጠል ከተባለ በእጁ የሚያልፈው ብር ብቻ ነው። ከሥራ አለባበሱ ሳይወጣ፣ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ወርውሮ ጓሮ ገባ። ፌስታሌን ፈትቼ ቅጠሎቹን ስዘረግፍለት አላያቸውም።

"ጋሼ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው እኮ የያዝከው። ከዛፉ የት ቦታ ነው የቀጠፍከው?"

"ከ... ከዛፉ ነዋ።"

"ከላይ ነው ከታች? አዲሱ ነው የገረጣው አሮጌው?"

አንድ ወር ሙሉ ያን ሁሉ ሰው ሳስመረምር ይቺን ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። አየን። የገረጡት ጫፍ ላይ ያሉት አዳዲሶቹ ናቸው። ከታች ያሉት አሮጌዎቹ ጥቁር አረንጓዴ ሆነው፣ ሆዳቸው እንደሞላ የሰርግ ቤት ሽማግሌዎች ተንሰራፍተዋል።

"በቃ፣ ግማሹን መንገድ ሄደናል" አለና ማስረዳት ጀመረ። ዛፍ ናይትሮጅን ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል ነቅሎ ለለጋው ያጎርሳል። ስለዚህ ናይትሮጅን ሲጎድል መጀመሪያ የሚገረጡት ከታች ያሉት አሮጌዎቹ ናቸው፤ እነሱም ሲገረጡ ቅጠሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ቢጫ ይሆናል። ማግኒዚየምም ያው ከአሮጌው ይነሳል፤ እሱ ሲጎድል ግን ቢጫው ከዳር ጀምሮ ይገባና ከቅጠሉ እጀታ አጠገብ የጦር ጫፍ የመሰለች አረንጓዴ ትቀራለች። ዚንክ ሲያንስ አዲሱ ቅጠል ቀጭንና ትንሽ ይሆናል፣ ይዥጎረጎራል። ብረት ግን ባሕርዩ ሌላ ነው። አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገባ አይነቃነቅም። አሮጌው ብረቱን ይዞ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀመጣል፤ ከእሱ በላይ የበቀለው ልጁ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይገረጣል።

ናይትሮጅንስ እናት ነው አልኩ በልቤ፤ ሳይበላ ያበላል። ብረት ደግሞ ርስቱ ላይ ተቀምጦ የወንድሙን ልጆች በፍርድ ቤት ያመላለሰው የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ዘመዶቼን በቅጠል መመደብ የጀመርኩት ከዚያን ዕለት ወዲህ ነው።

"እንግዲያው ሚስማሩን ልምታባት?"

"ጋሼ! የአዲስ አበባ ቀይ አፈር ብረት ሞልቶታል። ቀይ ያደረገው እኮ እሱ ነው። ብረት አልጠፋም፤ ሥሯ እንዳይወስደው የሆነ ነገር ቆልፎበታል። ዶማ አምጣ።"

እስክንቆፍር ድረስ የእትዬን ጽሕፈትም አስነበብኩት። የማንበቢያ ማጉያዬን ተቀብሎ ቅጠሉን ዓይኔ ሥር ደቀነልኝ። መስመሩ ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከቅጠሉ ቆዳ ሥር ነው ያለው፤ መሀል ለመሀል ቀጭን ጥቁር ክር ይሄዳል። ጫፉ ላይ፣ የቅጠሉ ዳር በተጠቀለለበት ቦታ፣ ከሰሊጥ የማትበልጥ ቢጫማ ትል ተኝታለች። ጥቁሩ ክር ኩሷ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ክንፍ አውጥታ በጣም ትንሽ የእሳት ራት ትሆናለች። የምትገባው ለጋ ቅጠል ውስጥ ብቻ ነው፤ ቆዳው ከጠነከረ አትደፍረውም። ላዩ ላይ መድኃኒት ብትረጭ እሷ ቤቷ ውስጥ ናት። የተጻፈበትን ቅጠል መቁረጥም አያሻም፤ የተረፈው ገላው ለዛፉ ይሠራል። ትልቅ ዛፍ ይሄን ችሎት ያልፋል።

እትዬ ይሄን ሲሰሙ "እኮ ትሏን ማን ላካት?" አሉ። ሳይንስ እስካሁን መልስ አልሰጣቸውም።

ዶማው መጣ። የእህቴ ልጅ ከግንዱ ሁለት ክንድ ርቆ ቆፈረ። ሁለት ጊዜ እንደመታ "ቻክ" አለ። ጠጠር የመሰለ ግራጫ ነገር ወጣ፣ ከዚያ የብሎኬት ስባሪ፣ ከዚያ እንደ ዳቦ የደረቀ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ። ሰርቪሱን ስናሠራ ግንበኛው "ፍርስራሹን አስጭነዋለሁ" ብሎ የጭነት የተቀበለኝ ትዝ አለኝ። አስጭኖታል፤ በሎሚዬ ላይ። ከሲሚንቶው በላይ ደግሞ አንድ ስንዝር የሚሆን ነጭ ድልዳል አለ። የእህቴ ልጅ በጣቱ ፈተገው።

"አመድ ነው። ማን ነው አመድ የሚደፋባት?"

ከሰርቪሱ በር ላይ እናቴ በኩራት "እኔ ነኛ!" አለች።

ሲሚንቶም፣ ኖራም፣ አመድም አፈርን አልካላይን ያደርጉታል፤ አሲዳማነቱን ይገድሉታል። አልካላይን አፈር ውስጥ ብረት ይጠጥራል፤ ሥር ሊመጠው አይችልም። ገበታው ሞልቶ አፍ የተለጎመበት ሰው ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ይሄን በትሕትና አስረዳት። እናቴ ሰማች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ለጉንዳኑ ብዬ እንጂ ለሌላ መሰላችሁ? ሁለት ዓመት ሙሉ ጎንበስ ቀና ብዬ! ለካ አመድ አፋሽ ነኝ!"

አባባሉ እንዲህ ቃል በቃል ገጥሞ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሳቄን በሳል ለወጥኩት።

ጉንዳኑ ግን እውነት ነው፤ ዛሬም ግንዷ ላይ ሰልፍ ይዟል። ልጁ ሰልፉን በጣቱ ተከትሎ ወደ ላይ ወጣና አንድ ቅርንጫፍ ጎንበስ አደረገልኝ። ለጋው ጫፍ ላይ ክሽክሽ የሚሉት ነፍሳት ተደርድሯል፤ ጥቃቅን፣ ጥቁር፣ ሆዳቸው ያበጠ። ከሥራቸው ያሉት ቅጠሎች ጥቀርሻ ለብሰዋል። በአውራ ጣቱ ቢጠርገው ጥቀርሻው ለቆ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ክሽክሹ የዛፉን ጭማቂ ይመጥና የተረፈውን እንደ ማር የሚያጣብቅ አድርጎ ይጥለዋል፤ በዚያ ጣፋጭ ላይ ጥቁሩ ፈንገስ ይበቅላል። ጉንዳን ዛፉን አይበላም። የሚመጣው ለማሩ ነው፤ ክሽክሹን እንደ ላም ያልበዋል፣ ሊበላው የሚመጣውን ነፍሳትም ያባርርለታል። ስለዚህ መፍትሔው ግንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ጨርቁን ግራሶ መቀባት ነው፤ ጉንዳኑ ሲቀር እረኛ የሌለው ከብት አውሬ ይጫወትበታል። የቀረውን ትንሽ ሳሙና ባለው ውሃ ማጠብ ነው።

"ግን ይሄ ሁሉ ክሽክሽ ከየት መጣ?" አልኩ፣ እንደ መርማሪ ጉሮሮዬን ጠርጌ። "ድሮ እኮ አልነበረም።"

"ክሽክሽም ያቺ ጸሐፊዋ ትልም የሚወዱት ያለ ልክ የፋፋ ለጋ ቅጠል ነው። ዩሪያ የሚያበዛባት ሰው አለ?"

ሰማዩን አየሁ። ደመና የለም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የገጠር ዘመድ በፌስታል ያመጣልኝ ዩሪያ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር፣ ማንም ሳያየኝ፣ ሁለት ሁለት ጣሳ እበትንላት ነበር። ምን ላድርግ፤ በሦስተኛው ቀን ለምለም ስትል ማየት ደስ ይላላ! እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ እኔ ዩሪያ አበዛሁ፣ ዩሪያው ለጋ ቅጠል አበዛ፣ ለጋው ክሽክሽ ጠራ፣ ክሽክሹ ጉንዳን ጠራ፣ ጉንዳኑ እናቴን ጠራ፣ እናቴ አመድ ጠራች። እናቴ ከሰርቪሱ በር ላይ አንድም ቃል ሳትናገር ታየኝ ጀመር።

ቅጠል የቤት ሚስጥር እንደሚያወጣ የገባኝ ያኔ ነው። አቮካዶው ጋ ስንደርስ ደግሞ ተራው የባለቤቴ ሆነ። የአቮካዶው አሮጌ ቅጠሎች ጫፋቸውና ዳራቸው ክብሪት እንደነካው ወረቀት ቡናማ ሆኖ ደርቋል፤ መሀላቸው ጤነኛ ነው። "ይሄ በሽታ አይደለም፤ ጨው ነው" አለ ልጁ። አቮካዶ ጨው የማይችል ዛፍ ነው፤ ሥሩ የመጠጠው ጨው ተጉዞ ተጉዞ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ይከማችና ያቃጥለዋል። ሁላችንም ዞረን ቅዳሜ ቅዳሜ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ወደሚደፋበት ቦታ ተመለከትን። አቮካዶው ሥር ነው። ሣሩ ላይ የሳሙናው አረፋ ገና አልጠፋም።

"ውሃ ይባከን?" አለች ባለቤቴ። "እኔ ውሃ ልቆጥብ ብዬ ነው። ጌታው ሎሚዋን በባልዲ ሲያጠጣ እኮ ለእኛ የተረፈን ያ ነበር!"

ድርድሩ ረጅም ነበር። የመጨረሻው የማለቅለቂያ ውሃ ብቻ፣ እሱም በየተራው ለተለያየ ዛፍ እንዲሰጥ ተወሰነ። ውሃው ግን ሥሩ ላይ እንዳይተኛ አስጠነቀቀን፤ አቮካዶ ከጨው በላይ የሚፈራው ረግረግ ነው፤ እርጥበት የሚወድ በሽታ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ያን ጊዜ አፈሩ ጨቅይቶ ሳለ ቅጠሉ ውሃ እንደጠማው ይጠወልጋል። ሻለቃ ቢያዩት ደግሞ ሁለት ባልዲ ይጨምሩለታል።

ልጁ እዚህ ላይ አንድ ነገር አጫወተኝ፤ እስካሁን አልረሳሁትም። ዛሬ ሲዳማም ጎጃምም ተዳቅሎ የሚተከለው ሐስ የሚባለው አቮካዶ ዘሩ ሁሉ ከአንዲት ዛፍ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሩዶልፍ ሐስ የተባለ ፖስተኛ ጓሮው በተከላት ዛፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣባት። የዓለም ገበያ የሚበላው አቮካዶ አብዛኛው የዚያች ዛፍ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ነው። ያቺ የሁሉም እናት እ.ኤ.አ. በ2002 ሞተች። የገደላትም ያው የሥር መበስበስ ነው። ያ ሁሉ ባለሙያ ከቧት ሊያድናት አልቻለም። እኔ አቮካዶዬን ቀና ብዬ አየሁትና ለቅዳሜው ሳፋ ማፈር ጀመርኩ።

ኮኩ ላይ ብዙም አልቆየንም። ቅጠሎቹ ወፍረው፣ ተጨማደው፣ ቀላ ብለው፣ ያኮረፈ ልጅ ከንፈር ሆነዋል። ፈንገስ ነው፤ ቅጠሉ አንዴ ከተጨማደደ ለዘንድሮ ምንም አይደረግም። መድኃኒቱ የሚረጨው ቅጠሉ ረግፎ አዲሱ እንቡጥ ሳይፈነዳ ነው። የመዳብ ሰልፌትና ኖራ የተበጠበጠበት ሰማያዊ ውሃ፣ ቦርዶ የሚሉት። የዚህ የቦርዶ ታሪክ ከሁሉም ይበልጥ ደስ አለኝ። ፈረንሳዮች መጀመሪያ መንገድ ዳር ያለ ወይናቸው ላይ የሚረጩት መንገደኛ እንዳይበላባቸው ነበር፤ መርዝ እንዲመስል። እ.ኤ.አ. በ1882 ሚያርዴ የሚባል ምሁር ሲያልፍ ሌባ እንዲፈራው የተረጨው ወይን በሽታም እንዳልነካው አየ። የእኔን ኮክ ሳይበስል የሚጨርሱት የሰፈር ልጆች ስላሉ፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መስሎኝ ወዲያው ላስረጭ አልኩ። "ከርሞ፣ ጋሼ" አለኝ። "አሁን ሰማያዊ ቢሆንም የሚበሉት ይመስለኛል።"

ማንጎ የተባለውን ደግሞ በሐዘን ነበር ያሳየሁት። ሰሞኑን ያወጣቸው ቅጠሎች ነሐስ መስለው ተዝለፍልፈው ተንጠልጥለዋል፤ ሊሞት ነው ብዬ ሰንብቻለሁ። የእህቴ ልጅ እስኪበቃው ሳቀ። የማንጎ ለጋ ቅጠል ሲወለድ እንደዚያ ቀይና ልምሾ ነው፤ ሰንበት ሲል ጠንክሮ አረንጓዴ ይሆናል። ዛፉ ጤነኛ ነው፤ በሽታው ያለው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ማንጎ እበላለሁ ብሎ የተከለው ሰው ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ በጥፍሩ ፈግፍጎ አሳየኝ፤ ቅጠሉ ላይ እንደ ኖራ ፍንጣሪ የተለጠፉ ነጫጭ ነጠብጣቦች፣ ዙሪያቸው ቢጫ። ችግኙን የሰጠኝ አማቼ ከነቀምት አካባቢ በመኪና ጭኖ ነው ያመጣው። ይሄ ነጭ ነፍሳት አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ የታየው እዚያው ምሥራቅ ወለጋ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በችግኝና በፍሬ እየተጫነ አገር ዞሯል። ቅጠሎቹን ቆርጠን አቃጠልናቸው። አመዱን እናቴ በጥርጣሬ አየችው።

የሎሚዋ ሕክምና አሰልቺ ስለሆነ አላስረዝመውም። ፍርስራሹን ሁለት ጋሪ ሙሉ አወጣን፣ በቦታው ብስባሽና ጥሩ አፈር ሞላን፣ ዩሪያዬ ተወረሰ፣ አመድ ተከለከለ። እናቴ "እሺ፤ ደግ ነገር ግን አይጣልም" ብላ አንድ ጊዜ አጉረመረመችና ተወችው። የገረጡት ቅጠሎች ገርጥተው ቀሩ፤ ከፋሲካ በኋላ የወጡት ግን ጅማታቸው ከገላቸው የማይለይ ጥርት ያሉ አረንጓዴ ሆኑ። ያን ሰሞን ጓሮዬ ውስጥ እንግዳ ሳላስጎበኝ ቡና ያስጠጣሁ አይመስለኝም።

ዝና መጥፎ ነው። ሰፈር ውስጥ "ቅጠል የሚያውቀው ሰውዬ" ተባልኩ። ፌስታል ይዘው የሚመጡት አሁን ሌሎቹ ናቸው፤ እኔም እንደ ሐኪም ሳላየው "ከላይ ነው ከታች?" እላለሁ። ግማሾቹ ሮጠው ይመለሳሉ።

ባለፈው እሑድ ሻለቃ ራሳቸው ጠሩኝ። አንድ መንደሪን አላቸው፤ ዙሪያዋን በነጭ ቀለም በተቀባ ድንጋይ ያጠሩላት፣ እንደ ባንዲራ የሚጠብቋት።

"ገረጣችብኝ" አሉ። "ውሃ እንዳልል ውሃ አለ።"

ጠጋ አልኩ። ጫፍ ጫፉ ቢጫ፣ ጅማቱ አረንጓዴ፤ ከታች አሮጌዎቹ ጥቁር አረንጓዴ። የዓሣው አጥንት ነው። ጎንበስ ብዬ ግንዷ ሥር ተመለከትኩ። ነጭ፣ ድልድል ያለ፣ በጣም በሥርዓት የተበተነ አመድ። መሀሉ ላይ የሲኒ ስባሪ ብልጭ ይላል። ጥለቱን አውቀዋለሁ። ያቺን ሲኒ የሰበርኳት እኔ ነኝ፤ በዳግም ትንሣኤ።

"አመዱ..." አልኩ።

"እሱማ እናትህ ናቸው!" አሉ ሻለቃ፣ ፊታቸው ፈክቶ። "እግዜር ይስጣቸው፣ ለጉንዳን ደግ ነው ብለው በየሳምንቱ በባልዲ በአጥር ያቀብሉኛል። እንዲህ ያለ ጎረቤት ዛሬ የት ይገኛል?"

በአጥሩ ቀዳዳ በኩል የእናቴ ነጠላ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ብረትን፣ ኖራን፣ አልካላይን አፈርን በአፌ ላይ ደረደርኳቸውና መልሼ ዋጥኳቸው። አንዲት ለጋ ቅጠል ገለበጥኩ። ለረጅም ጊዜ አየኋት።

"ሻለቃ፣ ይሄማ ዓይን ነው።"

"እ?"

"ዓይን ነው። ዓይን ደግሞ የሚያርፈው አመድ ላይ ነው። አመዱን ጠርገው ያውጡ፣ ብስባሽ ያልብሷት፤ ከእንግዲህ የሚመጣውን ተቀብለው ቆሻሻ መኪናው ላይ ያስጭኑት፤ እናቴ እንዳትሰማ ግን። አሮጌ ጫማም ካለዎት ቢሰቅሉባት አይከፋም።"

በማግስቱ ጠዋት፣ ብሩሼ አፌ ውስጥ እንዳለ፣ በአጥሩ ላይ ተንጠራርቼ አየሁ። ግንዷ ሥር ተጠርጎ ጥቁር አፈር ለብሷል። ከመንደሪኗ መሀል ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ አንድ የወታደር ቡት በማሰሪያው ተንጠልጥሏል። ቀለም ተቀብቶ፣ ተወልውሎ፣ ያብለጨልጫል።